ዳገት ላይ ቀይ መብራት፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ሂተር፦ ቴስታታው ከመከፈቱ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ ሱሉልታ ትኖራለች፤ ሥራዋ ፒያሳ አካባቢ ነው። የምትነዳው 2007 ሞዴል ቪትዝ ነው። «ማታ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ዳገቱን ስወጣ ቀይዋ የሙቀት መብራት ትበራለች። ቆሜ፣ አቀዝቅዤ ውሃ ስጨምር ትጠፋለች። በሳምንት ከአንድ ሊትር በላይ እጨምራለሁ። ከተማ ውስጥ ግን ትራፊክ ላይ ብቆምም ችግር የለም። ሂተሩ ደግሞ ጠዋት ቀዝቃዛ አየር ነው የሚሰጠኝ። ነዳጅ ስረግጥ ትንሽ ይሞቃል፣ ስለቅ ይቀዘቅዛል። አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊዋ መብራት ቶሎ አትጠፋም፤ ቀይዋም አልቀረችም። ሌላ ጋራዥ ደግሞ ቴስታታው ይከፈት ይለኛል። ላስከፍት?»

እህቴ፣ አሁን አታስከፍቺ። ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ራስ፣ የሚከፈተው መበላሸቱ ተመርምሮ ሲረጋገጥ ነው። አንቺ ከጻፍሽው ውስጥ «ተመረመረ» የሚል ቃል አላየሁም። ከዚያ በፊት መታየት ያለባቸው፣ ብዙ ወጪ የሌላቸው ነገሮች አሉ።

በሂተሩ ልጀምር፤ ብዙውን ነገር የሚናገረው እሱ ነው። ሞተሩ እየጋለ ሂተሩ ሲቀዘቅዝ ሰው ግራ ይጋባል። ሞተሩ ከጋለ ሂተሩም መፋጀት ነበረበት ብሎ ያስባል። ሂተር ግን የራሱ እሳት የለውም። የሚሞቀው ከሞተሩ በሚመጣ ውሃ ነው። ከክሩስኮቱ ጀርባ አንዲት ትንሽ ራዲያተር አለች። የሞተሩ ትኩስ ውሃ በአንድ ቀጭን ጎማ ይገባባታል፣ በሌላው ይወጣል። ንፋሱ በእሷ ውስጥ ሲያልፍ ነው መኪናው ውስጥ የሚሞቀው። ሲስተሙ ውስጥ ውሃ ሲጎድል ቦታውን አየር ይይዘዋል። አየር ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሰበሰባል፤ የሂተሯ መስመር ብዙ መኪና ላይ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ስለዚህ ውሃ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀርባት እሷ ናት። ነዳጅ ስትረግጪ የውሃ ፓምፑ ይፈጥናል፣ ትንሽ ውሃ ይገፋላታል፣ ሙቀት ይመጣል። ስትለቂ ይቀራል። አንቺ የጻፍሽው ይሄንኑ ነው።

ስለዚህ ሂተሩና ቀይዋ መብራት ሁለት የተለያየ ችግር አይመስሉኝም። ሁለቱም የሚያሳዩት ውሃ መጉደሉን ነው። የእነዚህ ትናንሽ ቪትዞች ሞተርና ራዲያተር በጠቅላላ የሚይዘው ውሃ ቢበዛ 5 ሊትር ገደማ ነው። በሳምንት አንድ ሊትር የሚጠፋ ከሆነ ከአምስት አንዱ እየሄደ ነው ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ውሃው የት ሄደ?» የሚለው ነው። ቴርሞስታቱን ያወጣው መካኒክ ይሄን አልጠየቀም። ቴስታታ ይከፈት ያለውም ገና አልጠየቀም።

ዳገቱ ላይ ብቻ የሚብስበትም ምክንያት አለ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። 100 ዲግሪ የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ስትወጪ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ብዙ ቶዮታ ላይ ደግሞ የራዲያተሩ ፋን የሚነሳው 93 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጪያቸው። ራዲያተሩ ግፊት ባይዝ ኖሮ ውሃው የሚፈላው ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ነበር።

ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያለሽ። ያን ያህል ግፊት አፍኖ ይይዛል ማለት ነው። የ0.9 ክዳን በትክክል ከሠራ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ንጹህ ውሃ እንኳ 110 ዲግሪን ሳያልፍ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ያ ሁሉ መጠባበቂያ ይጠፋል። ከተማ ውስጥ ዝም ይላል። ዳገት ላይ ይፈላል፣ በፕላስቲኩ የውሃ መጠባበቂያ፣ በሪዘርቩ በኩል ይተፋል። ስትቆሚ ውሃ ጎድሎ ታገኚዋለሽ። መኪናው በርካታ ጋራዥ ዞሮ፣ ክዳኑን አንድም ሰው ሳይለካው ሲቀር በጣም ያናድደኛል። ከሁሉም መለዋወጫ ርካሹ እሱ ነው።

ክዳኑ ሌላ ሥራም አለው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የተረፈውን ውሃ ከሪዘርቭ መልሶ ወደ ራዲያተሩ የሚያስገባ ትንሽ ቫልቭ አለው። እሷ ከተበላሸች ሪዘርቩ ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ባዶ ይሆናል። ብዙ ሰው ሪዘርቩን ብቻ አይቶ ውሃ አለ ብሎ ይነዳል። ጠዋት ኮፈኑን ስትከፍቺ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ተጨምድዶ ጠፍጣፋ ሆኖ ካገኘሽው፣ ይቺ ቫልቭ አልሠራችም።

አየሩም ስስ ነው። በእኛ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀልላል፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ሞተሩም ጉልበት ስለሚያጣ በዝቅተኛ ማርሽ ረግጠሽ ትወጫለሽ። ከፊትሽ ሲኖትራክ ካለ ደግሞ ፍጥነት የለም፣ ንፋስም የለም። ጤነኛ መኪና ይሄን ሁሉ ይችለዋል። ጉድለት ያለበት የሚጋለጠው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ቴርሞስታቱ። «እዚህ አገር አያስፈልግም» ተብሎ አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ ያግዳል፣ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መክፈት ይጀምራል። እሱ ከሌለ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል። ሰማያዊዋ መብራት አልጠፋ ያለችሽ ለዚህ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ዘይቱ በደንብ ስለማይሞቅ ውስጡ የሚፈጠረው እርጥበት ተንኖ አይወጣም። ሂተሩም ጠዋት ሱሉልታ ብርድ ላይ በደንብ አይሞቅም። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ብዙ ቶዮታ ላይ ቴርሞስታቱ ከታች ሌላ ትንሽ ሳህን አለው። ዋናው በር ሲከፈት ያቺ ሳህን አቋራጩን መንገድ ትዘጋለች። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከትኩሱ ውሃ የተወሰነው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ዳገት ላይ እንዲቀዘቅዝ ተብሎ የተደረገው ነገር ዳገት ላይ ያግለዋል።

ስለዚህ አዲስ ቴርሞስታት ከነጎማው ይገጠምልሽ። ሶማሌ ተራ ስትገዢ አሮጌ አትቀበዪ፤ ክዳኑንም እንደዚያው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቴርሞስታትን ድስት ውስጥ ቀቅሎ መሞከር ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን የ82 ዲግሪ ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኛ ጋ ድስቱ 92 ላይ ይፈላል፣ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ጤነኛው ቴርሞስታት ድስት ውስጥ በከፊል ብቻ ተከፍቶ ሊታይ ይችላል። የ88 ዲግሪው ደግሞ ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው የምታዪው። «በደንብ አልከፈተም» ተብሎ አዲስ ዕቃ እንዳይጣልብሽ።

ፋኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፦ ችግሩ እሱ ቢሆን ኖሮ የምትግዪው ትራፊክ ላይ ቆመሽ ነበር።

ምርመራውን ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ባደረበት ጠዋት ጀምሪ። ከሞተሩ ሥር ማታውኑ ካርቶን አንጥፊ። ጠዋት የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ፤ ውሃው አፉ ድረስ መሆን አለበት። ምን ያህል እንደጎደለ እዪ፣ ሙዪው። ሪዘርቩ ላይ ያለውን መጠን በማርከር አስምሪበት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት በየጠዋቱ ብቻ ተመልከቺ።

ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካለ ነገሩ ቀላል ነው፤ ጠብታውን ተከትሎ ወደ ላይ መሄድ ነው። ከሌለ መካኒኩ የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ራዲያተሩ ላይ ገጥሞ፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ግፊት ሞልቶ ይጠብቅ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ነው የሚሠራው። መርፌው እየወረደ ከመጣ የሆነ ቦታ ይወጣል። የተለመዱት ቦታዎች የፕላስቲኩ የራዲያተር ጫፍ ከአልሙኒየሙ ጋር የሚገናኝበት፣ ጎማዎቹ የሚታሰሩበት፣ የውሃ ፓምፑ ሥር ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናቸው። የደረቀ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነጭ ወይም ሮዝ ቅርፊት ትቶ ያልፋል። ቅርፊት ያየሽበት ቦታ ላይ እርጥበት ባይኖርም እንኳ እዚያ ይንጠባጠባል፤ ሞተሩ ሲግል ስለሚተን ነው የማታዪው። ከፊት ወንበር እግር ሥር ያለው ምንጣፍም ይዳሰስ። እርጥብ ከሆነ፣ ወይም የፊት መስታወቱ ሂተር ስትከፍቺ በቅባታማ ጭጋግ የሚሸፈን ከሆነ፣ የምታፈሰው የሂተሯ ራዲያተር ናት።

ቀጥሎ የሂተሯን ሁለት ጎማዎች እንይ። ሞተሩ ሞቆ፣ ሂተሩ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ተደርጎ፣ ኮፈኑ ሥር ወደ መኪናው ውስጥ የሚገቡትን ሁለቱን ቀጫጭን ጎማዎች መካኒኩ በእጁ በጥንቃቄ ይዳስሳቸው። ከሚሽከረከረው ቺንጋና ከፋኑ እጅ ይራቅ። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑና አየሩ አሁንም ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ውሃው እየደረሰ ነው። ያኔ ችግሩ ውስጥ ያለው አየር መቀየሪያ በር ነው። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ቪትዞች ላይ ይሄ ያጋጥማል፤ ክሩስኮቱ ተፈትቶ ሲመለስ የሂተሩ ገመድ በልኩ አይታሰርም። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ አየር ይዟል ወይ የሂተሯ ራዲያተር ተዘግታለች። ሁለቱም ለብ ያሉ ወይም ቀዝቃዛ ከሆኑ ውሃ ጎድሏል፣ ወይም ፓምፑ አልገፋም። የአንቺ መኪና አሁን ቴርሞስታት ስለሌለው ይሄ ሙከራ በትክክል የሚነበበው አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ነው።

ስለ መዘጋት ካነሳን፣ የምትጨምሪው ውሃ ምን ዓይነት ነው? ዳርቻው ላይ ብዙ ቤት የጉድጓድ ውሃ ነው የሚጠቀመው። ማዕድን ይበዛበታል። የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ሁሉ ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ዝገት ሲጨመርበት ጠባቦቹን ቱቦዎች ይዘጋል። «ለማፍሰስ መድኃኒት» ተብሎ የሚጨመረው ዱቄትም እንቁላልም መጀመሪያ የሚደፍነው የሂተሯን ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። ማንም እንዲጨምርልሽ አትፍቀጂ። ውሃው ቡናማ ሆኖ ከወጣ ሲስተሙ ይታጠብና ኩላንት ይሞላ። ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ዝገት የሚከለክለው፣ የመፍያ ነጥቡን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ያልተበረዘ ከገዛሽ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ደባልቂ። የተጣራ ውሃ ስትገዢ አሲድ ያለበት የባትሪ ውሃ እንዳይሰጡሽ ጠይቂ። የተለያየ ዓይነት ኩላንት አትቀላቅዪ፤ ቀለሙ አንድ መሆኑ ዋስትና አይደለም።

ራዲያተሩ ከውጭም ይታይ። የአቧራ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው መኪና በራዲያተሩና በኤሲው ኮንደንሰር መካከል አፈርና ሳር ይይዛል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ ውሃ ይታጠብ። ኃይለኛ የላቫጆ ግፊት ቀጫጭኖቹን ክንፎች ያጥፋል።

ውሃ ከተሞላ በኋላ አየሩ ካልወጣ ሁሉም ሥራ ከንቱ ነው። ሱሉልታ ዳገት ሞልቷል፤ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ አድርጋችሁ አቁሙት፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑ ይከፈት፣ ሂተሩ ሙሉ ሙቅ ላይ ይሁን። ሞተሩ ተነስቶ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ይሥራ። አረፋ እየወጣ ውሃው ይወርዳል፤ እየተጨመረ ይሂድ። የላይኛውን ጎማ ጨመቅ ለቀቅ ማድረግ ይረዳል። አረፋው ሲቆምና ሂተሩ የሚያቃጥል አየር መስጠት ሲጀምር ክዳኑ ይዘጋ፣ ከዚያ ፋኑ አንድ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ ይጠበቅ። ውሃው አፉ ላይ መጥቶ መፍላት ከጀመረ ግን ራቂ። በማግስቱ ቀዝቃዛ ሆኖ እንደገና ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ይጎድላል።

እስከዚያው መንገድ ላይ ቀይዋ ከበራች፦ ኤሲ አጥፊ፣ ሂተሩን ሙሉ ሙቅና ሙሉ ንፋስ አድርጊ፣ ዳር ያዢ። ሂተሩ ትኩስ አየር ከሰጠሽ ውሃ አለ፤ ቆመሽ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ማሠራት ትችያለሽ፣ መብራቷ ካልጠፋች ሞተሩን አጥፊ። ሂተሩ ቀዝቃዛ ከሰጠሽ ወይም እንፋሎት ካየሽ ወዲያው አጥፊ። እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ሙቀት የሚለካው ሴንሰር የሚያነበው የነካውን ውሃ ነው። ውሃው ከእሱ በታች ከወረደ በትክክል ላያነብ ይችላል፤ ቀይዋ መብራት ሞተሩ እየተቃጠለ ልትጠፋ ትችላለች። ቪትዝ መርፌ ያለው ጌጅ ስለሌለው የአንቺ መለኪያ ሂተሩ ነው። አዲሱ ገበያን ከማለፍሽ በፊት ለአንድ ደቂቃ ክፈቺው። ካልሞቀ ዳገቱን አትጀምሪ።

ክዳኑን ትኩስ እያለ አትንኪ። ግማሽ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጠብቂ፤ የላይኛው ጎማ እጅ የሚችለው እስኪሆንና ሲጨመቅ እስኪለሰልስ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ አትጨምሪ። ቴስታታው አልሙኒየም ነው፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን የቴስታታው ጉዳይ። መኪናዋ ደጋግማ ስለጋለች ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ አልተነካም ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ማረጋገጫው ግን በአይን ግምት አይሆንም። ጠዋት ከማርሚታው ነጭ እንፋሎት ወጣ ብሎ የሚወስን አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሱሉልታ ላይ የሁሉም መኪና ጭስ ነጭ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመና ውሃው እየጎደለ ከሄደ ነው የሚያሳስበው። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት መሳይ ነገር ማየትም ብቻውን አይበቃም፤ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ላይ እርጥበቱ ያንን ይሠራል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ቡና በወተት ከመሰለ ግን መኪናውን አታስነሺው።

ትክክለኛው ፈተና የጋዝ ምርመራ ነው። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ የራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረጋል፣ ሞተሩ ይሠራል። የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው የሚገባ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይሄ ዕቃ የሌለው ጋራዥ ቢያንስ ይሄን ማየት ይችላል፦ ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ጎማ ድንጋይ ከሆነ፣ ወይም አየሩ ሁሉ ወጥቶ ካበቃ በኋላም አረፋው ካልቆመ፣ ጋዝ እየገባ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ አዲስ ክዳን፣ አዲስ ቴርሞስታት፣ የግፊት ሙከራ፣ ማፍሰሻውን መጠገን፣ አየር ማስወጣት፣ ከዚያ የጋዝ ምርመራ ነው። ፈሳሹ ቢጫ ከሆነ ይከፈት፤ ያኔ አልከለክልሽም። ከተከፈተ ግን ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ እንዳይዘጋው። ቴስታታው በቀጥታ ብረት ተለክቶ መጉበጡ ይታይ፤ ብዙ ቶዮታ ላይ የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከል፣ ስንጥቅ እንደሌለበትም በግፊት ይሞከር። ሲለካ አጠገቡ ቁሚ፣ ቁጥሩን ጠይቂ። ብሎኖቹም ተስበው እንደሆነ ይለኩ፣ ካስፈለገ ይቀየሩ፤ ሲታሰሩ በቅደም ተከተልና በቶርክ መለኪያ ቁልፍ ይሁን።